ነገር ሁሉ ሁለት ሲሆን፦ መጠበቅ፣ መሸፈን፣ ፕሪዝም፣ መርፌ ወይስ ኦፕራሲዮን?

እናቴ የምትኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ፈረስ መጋላ ላይ መንገድ ልትሻገር ስትል የሚመጣው ባጃጅ ሁለት ሆነባት። እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ስላልገባት ሁለቱም እስኪያልፉ ቆመች። ሁለቱም አንድ ላይ አለፉ። ማታ ደውላ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። እዚህ ድሬዳዋ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ከተመታሁ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ደረጃው ሁለት ሲሆንብኝ ኖሬያለሁና።

ሁለታችንም ያልነው አንድ ነገር ነው፤ "ሁለት ሁለት ይታየኛል።" እሷ ግን ምላጭ ሳይነካት በአራት ወር ዳነች፤ እኔ በአስራ አንደኛው ወር ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ስለዚህ ሰው "መነጽር ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?" ብሎ ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው አለኝ። ከመቼ ጀምሮ? መነሻው ምንድን ነው? ዓይኑ ከመስመር የወጣበት ልክ ቆሟል ወይስ ገና እየተቀየረ ነው? አማራጮቹ እንደ ሱቅ ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚመረጡ አይደሉም። ወረፋ አላቸው፤ ኦፕራሲዮን ደግሞ ብዙ ጊዜ የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ዓይን ሸፍኑ

ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት፣ እያያችሁ ቀኝ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑ፤ ቀጥሎ ግራውን። አንዱን ሸፍናችሁም ሰዓቱ ሁለት ከሆነ ችግሩ ያለው እዚያው ዓይን ውስጥ ነው፤ ሞራ፣ የዓይን መስታወት (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) ጉዳት ወይም ልኩ ያልሆነ መነጽር ሊሆን ይችላል። የጡንቻ ኦፕራሲዮን እዚህ ቦታ የለውም። የትኛውንም ዓይን ስትሸፍኑ አንድ የሚሆን ከሆነ ግን ሁለቱ ዓይኖች አንድ ቦታ እያዩ አይደለም ማለት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለዚህኛው ነው።

እያንዳንዱ ዓይን በስድስት ጡንቻ ይንቀሳቀሳል፤ ስድስቱን የሚያዙት ደግሞ ከአንጎል የሚመጡ ሦስት ነርቮች ናቸው። ሐኪሞች በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው። ስድስተኛው ሲደክም ዓይን ወደ ውጭ መሄድ ያቅተዋል፤ ነገሩ ጎን ለጎን ሁለት ይሆናል፤ ሩቅ ሲያዩ ይብሳል። የእናቴ ይህ ነበር፤ የግራው። ሳታውቀው ፊቷን ወደ ግራ አዙራ ታወራን ጀመር። አራተኛው ሲደክም ነገሩ ከላይና ከታች ሁለት ይሆናል፤ ወደ ታች ሲያዩ ይከፋል፤ አንደኛው ምስል ዘመም ይላል። የእኔ ይህ ነበር፤ የቀኙ። አንገቴን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ስሄድ ሰፈር ውስጥ "አቦ፣ ምን ያኮራሃል?" ይሉኝ ነበር። ሦስተኛው ሲጎዳ የዓይን ቆብ ይወድቃል፤ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይሸሻል።

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ጎን ለጎን ነው ወይስ ከላይና ከታች? ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ? የት ሲያዩ ይብሳል? ጠዋትና ማታ ይለያያል? እኔ ይህን ጽፌ ስሄድ ሐኪሙ ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ አለ።

ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ሁለት ማየቱ ድንገት መጥቶ ቆብ ከወደቀ፣ የዚያው ዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ከታየ ወይም ከዚህ በፊት ያላያችሁት ከባድ ራስ ምታት አብሮት ካለ፣ አንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ነርቩን ተጭኖት ሊሆን ይችላል። አፍ መጣመም፣ ምላስ መተሳሰር፣ እጅ ወይም እግር መድከም ካለም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። መዋጥና መተንፈስ መክበድም እንደዚሁ አይታደርበትም። እኛ ዘንድ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ማሳደር የተለመደ ነው። ዳማከሴን አልጠላም፤ ለዚህ ግን ጊዜ ይበላል።

ደክሟል የተባለ ሁሉ ለምላጭ አይደለም

ሁለት በሽታዎች እዚህ መሀል ገብተው ሰውን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ነው። ነርቩም ጡንቻውም ደህና ሆነው መገናኛቸው ይደክማል። ምልክቱ መለዋወጡ ነው፤ ጠዋት ደህና፣ ማታ ሁለት፤ ዛሬ ቀኙ ቆብ፣ ሌላ ቀን ግራው። ሙቀት ያባብሰዋል፤ የድሬን ከሰዓት በኋላ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው የወደቀው ቆብ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሲያቆዩት ቆቡ ከፍ ካለ ሐኪሙ ይህን በሽታ አጥብቆ ይጠረጥራል። ሕክምናው በመድኃኒት ነው የሚጀመረው። ልኩ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ዓይን ላይ ቀዶ ጥገና ማድረግ በነፋስ ላይ ልብስ መለካት ነው።

ሁለተኛው ከታይሮይድ፣ ማለትም አንገት ላይ ካለው ዕጢ ሕመም፣ ጋር የሚመጣው ነው። ዓይን ጎላ ይላል፣ ቆብ ወደ ላይ ይሸሻል። ጡንቻው የደከመ ይመስላል እንጂ አብጦና ደርቆ ነው ዓይኑን የያዘው። መጀመሪያ ታይሮይዱ ይስተካከላል፣ ሲጋራ ይቆማል፣ እብጠቱ ይበርዳል፤ ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ልኩ ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይለወጥ ሲቆይ ነው።

መጠበቅ

መጠበቅ ሕክምና አይመስልም። እናቴም አልመሰላትም፤ "አዲስ አበባ ውሰደኝና ይቁረጡልኝ" ብላ አስጨንቃኝ ነበር። ስኳር አለባት። በስኳርና በደም ግፊት የተነሳ የነርቩ ቀጭን ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ድካም በአብዛኛው በሦስት ወር አካባቢ፣ ቢዘገይ በስድስት ወር ራሱን ያድናል። ያኔ ቸኩሎ ጡንቻ የቆረጠ ሰው ነርቩ ሲመለስ ዓይኑ በተቃራኒው ይሸውራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በጉዳት የመጣው ቀስ ይላል። ሐኪሞች ቢያንስ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ አስራ ሁለት ወር ይጠብቃሉ። መጠበቅ ማለት ግን ቤት መቀመጥ አይደለም። ስኳሩና ግፊቱ ይያዛል፤ መነሻው ካልታወቀ ወይም በታሰበው ጊዜ ካልተሻለ ኤምአርአይ ይታዘዛል፤ በየቀጠሮው ዓይኑ ይለካል። ልኩን የሚወስዱት ዓይኖቹን እያፈራረቁ በመሸፈንና ፕሪዝም፣ ማለትም ብርሃን የሚያጣምም መስታወት፣ የተደረደረበት ዘንግ ፊት ለፊት በማንሳት ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፉልኝ በሉ። የእኔ ካርድ በመሀል ጠፍቶ ስለነበር ልኩ ቆሟል ወይ የሚለውን ለማወቅ ሦስት ወር ተጨማሪ ፈጀብኝ።

መሸፈን

ርካሹና ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው። ለትልቅ ሰው የትኛውም ዓይን ቢሸፈን ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጊዜ የደከመው ይሸፈናል፣ ምክንያቱም በደከመው ዓይን ብቻ የሚያይ ሰው እጁን ሲዘረጋ ዕቃውን ይስታል። ለሕጻን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትሸፍኑ። የሕጻን አንጎል አንዱን ምስል ስለሚተወው ልጁ "ሁለት ይታየኛል" ሳይል ዓይኑ ሊሰንፍ ይችላል፤ ስለዚህ ልጅ ሸውሮ ከታየ አቤቱታውን አትጠብቁ።

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፋሻ ድሬ ላይ አይበረክትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት የለጠፍኩት አምስት ሰዓት ሳይሞላ በላብ ተላቆ ጉንጬ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ቆዳውም ይቆጣል። ለእናቴ ያደረግንላት ይሻላል፤ በመነጽሯ ግራ መስታወት ከውስጥ በኩል ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ለጠፍን። ከሩቅ አይታይም፣ አየር ይገባዋል፣ ሐረር ላይ ማንም "ዓይንሽን ምን ሆንሽ?" አላላትም።

ዋጋውም አለ። በአንድ ዓይን ጥልቀት አይለካም። እናቴ ቡና ስትቀዳ ሲኒውን ትታ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰች። ባጃጅ ወይም ሞተር የምትነዱ፣ ሁለት እያያችሁ አትንዱ፤ ሸፍናችሁም ቢሆን ሐኪም ሳይፈቅድ አትነሡ። እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን የተገለበጠ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።

ፕሪዝም

ፕሪዝም ያለው መነጽር ጡንቻውን አያጠነክርም። ብርሃኑን ያጣምምና የሸሸውን ምስል መልሶ ከጓደኛው ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ዲዮፕትር ፕሪዝም አንድ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ምስል አንድ ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል፤ ማዘዣችሁ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ይህ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። ፍሬኔል የሚባለው ስስ ፕላስቲክ በነበረው መነጽር ላይ ይለጠፋል፤ ልኩ ሲቀየር ተነሥቶ ሌላ ይለጠፋል፤ ገና በመጠበቅ ላይ ላለ ሰው የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ያደበዝዛል፣ መስመሮቹ ይታያሉ፣ የድሬ አቧራ ደግሞ መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለብ ባለ ውኃ በጣት እየታሸ ይታጠባል እንጂ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም። ሁለተኛው መስታወቱ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው ነው፤ ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ከአስር ዲዮፕትር ሲያልፍ ግን ጠርዙ እየወፈረ አፍንጫ ላይ ይከብዳል።

ፕሪዝም የሚያምርበት ልኩ ትንሽ፣ ያም በየአቅጣጫው ተመሳሳይ የሆነ ሰው ላይ ነው። የእኔ ቀጥታ ሲያዩ ስድስት፣ ወደ ታች ሲያዩ ከዚያ በላይ ነበር፤ ምስሉም ዘማማ ነው፤ ዝመት ደግሞ በየትኛውም ፕሪዝም አይቃናም። ቴሌቪዥን አይቼበታለሁ፤ ማንበብና ደረጃ መውረድ ግን አልቻልኩም። ከዚያ በፊት አንድ መነጽር ቤት ሁለት ጊዜ ተራ መነጽር ቀይሮ ሸጦልኛል፤ "ስትለምደው ይጠፋል" እያለ። ሁለት ማየት በተራ መነጽር ቁጥር አይጠፋም። ሻጩ ዓይኖቻችሁን እያፈራረቀ ሸፍኖ ካልለካ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መርፌ

ለፊት መጨማደድ የሚወጋው ቦቶክስ ለዓይን ጡንቻም ይሠራል፤ እንዲያውም መድኃኒቱ መጀመሪያ ለሰው የዋለው ለሸውራራ ዓይን ነው። የሚወጋው የደከመው ጡንቻ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ የሚስበው ብርቱው ነው፤ እሱ ለጊዜው ሲላላ ዓይኑ ወደ መሀል ይመለሳል። በቀናት ውስጥ ይጀምርና ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ይለቃል። ቆብ ለሳምንታት ሊወድቅ ይችላል። ለስድስተኛው ነርቭ በመጠበቂያው ወራት ይጠቅማል፤ ለእኔ ዓይነቱ ብዙም አይደለም። በቅዝቃዜ የሚጓጓዝ መድኃኒትና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ሪፈር ስትባሉ መኖሩን በስልክ ጠይቁ እንጂ ለዚህ ብቻ መንገድ አትጀምሩ።

ኦፕራሲዮን

በመጀመሪያ ሰው የሚፈራውን ላንሣ፤ ዓይን ከጉድጓዱ አይወጣም። ነጩን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ተከፍቶ ጡንቻው ይያዛል። በሌዘርም አይሠራም።

ሠርግ ቤት ድንኳን ሲተከል አይታችኋል? ምሰሶው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ሠራተኞቹ የላላውን ገመድ ያሳጥራሉ፣ ወይም በወዲያኛው በኩል ያለውን ያላላሉ። ይኸው ነው። ብርቱው ጡንቻ ከተጣበቀበት ተላቆ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሰፋል፤ የደከመው ይቆረጥና ያጥራል። ጨርሶ ሽባ ለሆነ ጡንቻ ግን ማሳጠር ብቻውን አያወጣም፤ ያኔ ጎረቤቶቹን ጡንቻዎች ወደ እሱ ቦታ ማዛወር ነው ያለው። የሞተ ነርቭ በምላጭ አይነሣም። ኦፕራሲዮኑ ሚዛን ያስተካክላል እንጂ ድካሙን አያድንም፤ ይህን ሳይረዳ የገባ ሰው ቅር ብሎት ይወጣል።

ስለዚህ ሐኪሙን የምትጠይቁት "እድናለሁ?" ብላችሁ ሳይሆን "የት የት ሳይ አንድ ይሆንልኛል?" ብላችሁ ነው። ጥሩ ውጤት የሚባለው ቀጥታና ለንባብ ወደ ታች ሲያዩ አንድ ማየት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ሁለቱ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱም ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፤ ልኩ ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይችላልና። ለአንዳንድ ጡንቻ ክሩ እንዲስተካከል ተደርጎ ይታሰራል፤ ከነቁ በኋላ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ፣ ማደንዘዣ ጠብታ ተደርጎ እያያችሁ ይጠበቃል ወይም ይላላል። የእኔ ጡንቻ ለዚህ አይመችም ነበር።

አደጋው ምንድን ነው? ኢንፌክሽን፣ ጡንቻው ከስፌቱ ማምለጥ፣ መርፌው የዓይኑን ግድግዳ መብሳት። ብርሃን እስከማጣት የሚያደርስ ጉዳት በጣም ጥቂት ነው፤ የለም ግን አይባልም። አንድ ዓይን ላይ ብዙ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ሲነካ የዓይኑ የፊት ክፍል ደም ሊያጥረው ስለሚችል ሐኪሙ ከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። ጡንቻው ሲሳብ ደግሞ የልብ ምት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ማደንዘዣ ሰጪው ይህን እያየ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ ለኛ አገር ሰው አንድ ነገር፤ ጫት ትቅማላችሁ ወይ ሲባል አትሸሽጉ። ጫት የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል። እኔ ከኦፕራሲዮኑ ቀናት ቀድሜ በርጫውን ትቼ ነበር፤ ለማደንዘዣ ሰጪዋም በግልጽ ነገርኳት፤ አልተቆጣችም፣ ጻፈችው።

ተኝቼ ተሠራሁ፤ ያው ቀን ወጣሁ። ዓይኔ በርበሬ መሰለ፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁር ነበር። መቅላቱ ሳምንታት ይፈጃል፤ ክሩ ራሱ ይሟሟል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጭራሽ በአዲስ አቅጣጫ ሁለት አየሁና ተበላሸሁ ብዬ ተንቀጠቀጥኩ፤ አንጎል እስኪለምደው የሚሆን ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ። ጠብታ በሰዓቱ፣ ውኃና አቧራ ከዓይን ማራቅ፣ ዓይን አለማሸት። ድሬ ላይ አስቸጋሪው አቧራው ነው፤ ትልቅ ጥቁር መነጽር ግዙ። ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከባሰ፣ መግል ከመጣ ወይም እይታ ከደበዘዘ ወዲያው ተመለሱ።

የት? በምን መንገድ?

እኔ በድሬው ድል ጮራ ሆስፒታል፣ እናቴ በሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ብንጀምር ነገሩ አንድ ነው፤ መነሻው ይጣራል፣ ስኳርና ግፊት ይታያል፣ አስፈላጊ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። የዓይን ጡንቻ ሥራ ግን የራሱ ስፔሻሊቲ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከሕጻናት ዓይን ሕክምና ጋር አንድ ላይ ነው። ለአብዛኛው የአካባቢያችን ሰው ይህ ማለት አዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። በሕጻናት መሀል ስትቀመጡ ቦታ የተሳሳታችሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ አጠገቤ ያለችው ሕጻን ብስኩት እያካፈለችኝ ተራዬን ጠበቅኩ። ሐኪሙን በድሬ ልማድ "አንተ" ስለው ነርሷ ደነገጠች፤ ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ሳቀች።

ወጪውን ስታሰሉ የኦፕራሲዮኑን ብቻ አታስቡ። ማደንዘዣው፣ ምርመራው፣ ጠብታው፣ አስታማሚው፣ ማደሪያው ለየብቻ ይጠየቅ። ማግስቱና ሳምንቱ ላይ ስለሚታዩ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ለመቆየት ተዘጋጁ፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ላይ እንደገና ቀጠሮ አለ። ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። አውሮፕላን ዓይኑን አይጎዳም፤ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ መንገላታት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመከርም።

እኔን ብትጠይቁኝ

ስኳር ወይም ግፊት ኖሮባችሁ ሁለት ማየቱ ገና ሁለት ወር ካልሞላው፣ ምላጭ የሚያቀርብላችሁን ሰው ትታችሁ ፕላስተር ግዙ። ዓመት አልፎ ልኩ ትንሽና ያልተለወጠ ከሆነ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ገፍቶ ማደንዘዣ የሚያሰጋችሁ ከሆነ፣ በፕሪዝም መኖር ሽንፈት አይደለም። ልኩ ቆሞ ትልቅ ከሆነ፣ አቅጣጫ በቀየራችሁ ቁጥር የሚለዋወጥ ወይም ዘማማ ከሆነ፣ አንገታችሁም በማዘንበል መታመም ከጀመረ፣ ኦፕራሲዮኑን አትፍሩት። ለዘለቄታው መሸፈንን የምመክረው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለው ብቻ ነው።

እናቴ በአራተኛው ወር ፕላስተሩን ራሷ ልጣ ደወለችልኝ፤ ባጃጁ አንድ ሆኗል። እኔም ጋዜጣ አነባለሁ፣ ደረጃ እወርዳለሁ፣ አንገቴ ቀንቷል። ቡና ሲፈላ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ጀበና ግን አሁንም ሁለት ነው፤ ትንሽ ወደ ግራ ዞር ስል አንድ ይሆናል።